አባ ቀስ በራሳቸው ጥፋት አልሞቱም

የምድጃ ክፍል ሠራተኞች ማኅበር ዋና የምድጃ ኃላፊያችንን፣ ሁላችንም «አባ ቀስ» የምንላቸውን ታላቅ ወንድማችንን፣ ባለፈው ማክሰኞ በሥራ ላይ በደረሰ ቃጠሎ ማጣቱን ለአባላቱ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞችና ለሕዝብ ሲያሳውቅ ሐዘኑ ከባድ ነው። ንዴቱም እንዲሁ፤ አንደብቀውም።

አባ ቀስ ሥራ የገቡት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ክፍላችን የቤት ጡብ የሚተኩስ አንድ ምድጃ ብቻ ነበረው።

በዘጠነኛው ዓመታቸው መሥሪያ ቤቱ ከድምፅ አምስት እጥፍ ፈጥኖ ለሚበር የመከላከያ መሣሪያ አፍንጫ የሚሆን፣ ሙቀት የማይበግረው የካርቦን ልባስ መሥራት ጀመረ። መሐንዲሶቹ የመጀመሪያዎቹን አሥራ አንድ ልባሶች ሲያሳርሩ አሥራ ሁለተኛውን ደህና አድርገው ያወጡት እሳቸው ናቸው። ልባሱ ትኩስ ሳለ አየር ካገኘው ይነዳል፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ተዘግቶ ይበርዳል።

የክፍላችን ሕግም ያኔ ወጣ፦ ምድጃውን የዘጋ ሰው ቁልፉን አንገቱ ላይ ያስራል፤ ከእሱ በቀር ማንም አይከፍትም። አለቃ ቢያጣድፋቸው አባ ቀስ «ጌታዬ፣ ከቸኮሉ እርስዎ ይግቡና ያብርዱት» ይሉ ነበር።

ማክሰኞ ልባሱን ሊያዩ እንግዶች መጡ። ምድጃው ከተዘጋ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያሰሩት አባ ቀስ አልከፍትም አሉ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሯቸው መሳቢያ ትርፍ ቁልፍ አምጥተው በገዛ እጃቸው ከፈቱ። ነበልባሉ ሲወጣ አባ ቀስ ሥራ አስኪያጁን ገፍትረው ጣሉና በሩን በጀርባቸው ገፍተው ዘጉት። ሥራ አስኪያጁ ቅንድባቸው ተለበለበ፤ አባ ቀስ በማግሥቱ ዐረፉ።

ዓርብ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሪፖርት ግን «ሟች ምድጃውን ያለጊዜው በመክፈታቸው» ይላል። አብዛኞቻችን ፊደል አልቆጠርንም፤ አስነብበን ሰማነው። ዐይን ያወጣ ውሸት ነው! የአባ ቀስን ቁልፍ ሆስፒታሉ ከነሰንሰለቱ ለባለቤታቸው አስረክቧል። የቢሮው ቁልፍ ደግሞ እስከ ዛሬ የምድጃው በር ላይ እንደተሰካ ነው፤ የፈለገ መጥቶ ይይ። አሥራ ዘጠኝ ሰው ቆሞ ያየውን ወረቀት አይሽረውም። እንግዶቹም አይተዋል፤ አፋቸውን ምን እንደለጎመው እነሱ ያውቃሉ።

እኅታችን ሆይ፣ ፈጣሪ ጥናቱን ይስጥሽ። እናንተም ሦስታችሁ ልጆቻችን፣ አባታችሁ ሰው አዳኑ እንጂ አላጠፉም፤ ቀና ብላችሁ ሂዱ። አብረናቸው ላብ ያፈሰስን ሁሉ እንጽና።

ያ ወረቀት ተነሥቶ እውነቱ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ እስኪለጠፍ ድረስ ማኅበራችን ምድጃ አይለኩስም። ለሥራ አስኪያጁ ቢሮ መጽናናትን አንመኝም፤ እንቅልፍ ይንሳው።