ቀለም እንድቀባው ስላዘዙኝ ሣጥን

ለተከበሩ የመስኖ ቦይ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ወገብዎንስ ተሻለዎት? መኪናዎ በደጃችን ሲያልፍ መስታወቱ ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ ፊትዎን አይቼ መረዳት ስላልቻልኩ ነው በጽሑፍ የምጠይቅዎት። እኔ ጉልበቴ ሲጢጥ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ። ከሞተች ስድስት ዓመት የሆናት ባለቤቴ «አንተን እኮ በሽታም ችክ ማለትህን አይቶ ነው የሚተውህ» ትለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ አላሳፈርኳትም።

ማን ነው ብለው እንዳይቸገሩ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ዳስ የምሠራው አናጢ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል ያስቆጠረችኝ ያችው ባለቤቴ ናት፤ በአናጢ እርሳስ፣ በተላገ ጣውላ ላይ። ስሳሳት «ላገውና እንደገና ጀምር» እያለች ስንት ደህና ጣውላ አስጨርሳኛለች። ስለዚህ መስመሩ ወዲያና ወዲህ ቢል ወረቀት ያልለመደ እጅ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ። ይህን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። ሰው እንዲጽፍልኝ አልለመንኩም፤ አልለምንምም።

ባለፈው ዓርብ ሾፌርዎ አንድ ማኅተም ያለበት ወረቀት አደረሰኝ። ዓምና የሠራሁትን የጥቃት ጥቆማ መስጫ ሣጥን ከግቢው አውጥቼ እንዳድሰው፣ ሰማያዊ ቀለም እንድቀባው፣ ሐሙስ ታላላቅ እንግዶች ስለሚመጡም እስከ ረቡዕ እንዳደርስ ያዛል። ትእዛዝዎን ፈጽሜአለሁ። ቀለሙ ደርቋል፤ ጠረኑም ጠፍቷል። ነገር ግን ቀለሙን ስቀባ ለእርስዎና ለመሥሪያ ቤትዎ የማቀርበው ብዙ ምስጋና ትዝ ስላለኝ፣ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ልማድ በተራ ቁጥር አድርጌ አቅርቤዋለሁ። አንዱ ቅጂ ለእርስዎ ነው። ሌላውን በወፍጮ ቤቱ በር፣ ሦስተኛውን በውኃ ቦኖው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ምስጋናን ደብቆ መላክ ያሳፍራል ብዬ ነው።

1ኛ. ስለ ሣጥኑ ማረፊያ። ከሁሉ አስቀድሜ ሣጥኑ የተሰቀለበትን ቦታ የመረጠውን ሰው አመሰግናለሁ። የቀን ሠራተኞቹን ስም በየጠዋቱ የሚጠራው፣ ማን አካፋ እንደሚይዝና ማን ድንጋይ እንደሚሸከም የሚመድበው ካቦ፣ ቢሮው ኮንቴይነር ነው። ሣጥኑ የተሰቀለው እዚያ ውስጥ፣ ከወንበሩ በላይ፣ ከራሱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ካቦው በደለኝ ብላ ጥቆማ ለመክተት ብትፈልግ «ካቦዬ፣ እስቲ አንዴ ራስዎን ዘንበል ያድርጉልኝ» ማለት ይጠበቅባታል። ትሕትናን እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ሣጥን በዕድሜዬ አላየሁም፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ።

2ኛ. ስለ ቁልፉ። እዚህ ላይ የምስጋናው ድርሻ ለእኔም ይደርሰኛል። ሣጥኑን ባስረከብኩ ቀን ሁለቱን ቁልፎች በሽቦ አስሬ ለካቦው ሰጠሁት፤ ወረቀቱ «ቁልፎቹን ለቦታው ኃላፊ ያስረክባል» ይል ነበርና። እሱ ፈረመ። እኔም ፈረምኩ። ሌላው አናጢ ሁሉ አውራ ጣቱን ቀለም ሲያስነካ እኔ ስሜን በፊደል መጻፌ ኩራት ሆኖብኝ፣ ምን ላይ እንደምፈርም አላየሁም። ቁልፎቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከካቦው ወገብ ወርደው አያውቁም። ሲራመድ ይንሿሿሉ። ሴቶቹ ከየት በኩል እየመጣ እንደሆነ በዚያ ያውቃሉ፤ በዚህ ረገድ ሣጥኑ ጥቅም አልሰጠም ማለት አይቻልም።

3ኛ. ስለ ሥልጠናው። ድንኳን ተጥሎ አንድ ሙሉ ቀን ስለ ጥቃት መከላከል ስለተማርን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ሴቶቹ ብቻቸውን እንዳይሄዱ፣ ሰፊ ልብስ እንዲለብሱ፣ ከወንድ ጋር ብዙ እንዳይሳሳቁ፣ መጸዳጃ ቤትም ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሄዱ ተመከሩ። ወንዶቹ ደግሞ ካናቴራ ተሰጠን። «ጥቃት ይብቃ» ይላል። የካቦው ቦርጭ ላይ ተወጥሮ ፊደሉ ስለሰፋ እንደኔ ዓይኑ የደከመ ሰው እንኳ ከሩቅ ያነበዋል።

የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በር፣ ቦዩ ላይ ሲሚንቶ ሲሞላ ለመደገፊያ ተብሎ ተነቅሎ ከሄደ ዘጠኝ ወሩ ነው። በነፃ ልሥራላችሁ ብዬ ጠይቄ «በዕቅድ አልተያዘም» ተብዬአለሁ። ልክ ነው። በዕቅድ የተያዘው ድንኳኑና ካናቴራው ነው። ሁለት ሁለት ሆነው የሚሄዱትም አንዷ በር እንድትሆን ነው።

4ኛ. ስለ ልጄ። የመጨረሻ ልጄ ቦዩ ላይ ድንጋይ ስታነጥፍ ሁለት ዓመቷ ነው። እጇ ከእኔ እጅ ይሻክራል፤ ስሠራ ቆማ አይታ «አባዬ፣ ውኃ ልክህ ተዛብቷል» የምትለኝ፣ ልክም የሆነች ልጅ ናት። አንድ ቀን ካቦው የእጅ ጓንት ልስጥሽ ብሎ ወደ ዕቃ መጋዘኑ ጠራትና በሩን ከውስጥ ዘጋው። እዚያ ውስጥ የሆነው የእሷ ነው፤ ወፍጮ ቤት በር ላይ አልለጥፈውም። ስትወጣ እጅጌዋ ተቀዶ ነበር፣ እሱም ጣቱ ተነክሶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ነገር በመሥሪያ ቤትዎ መዝገብ የገባው የእሱ ጣት ብቻ ነው። «በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት» ተብሎ ተጽፎለት ሁለት ሳምንት በፋሻ ተጠቅልሎ ሲዞር ከረመ። ስለ ጣቱ እግዜር ይማረው ለማለት እስካሁን ጊዜ አላገኘሁም።

ወደ ቤት ስትመጣ እኔ አባቷ ምን አልኳት መሰለዎት? ይህን ብደብቅ ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። «ዝም በይ። ሰው ደግሞ ይስማብሽ?» አልኳት። እሷም ቆማ አየችኝና «ታዲያ አባዬ፣ ያንን ሣጥን ለምን ሠራኸው? ለጌጥ ነው?» አለችኝ። መላጊያዬን አነሣሁና መላግ የማያስፈልገውን ጣውላ ላግ ላግ አደረግሁት፤ ወረቀት እስኪያክል። ከዚያ እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አውርጄ ሰጠኋት።

ካቦው ለቁርስ በወጣበት ጽፋ ከተተችው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስሟ ሳይጠራ ቀረ። ብትጠይቅ «ለደኅንነትሽ ሲባል ነው፣ እቤትሽ አረፍ በይ» ተባለች። ይህን ያህል ስለተጨነቁላት ምን ቃል ይበቃኛል? ይኸው አሁን ሦስት ወሯ፣ ደኅንነቷ ተጠብቆ፣ ቦዩ ከእጇ ወጥቶ ከቤት ተቀምጣለች። የእሱን ደኅንነት የሚያስብ ግን የለም መሰለኝ፤ ያ ምስኪን በየቀኑ ሥራ ይገባል።

5ኛ. ስለ አጣሪው። ጉዳዩን የሚያጣራ ባለሙያ እስከ ቤታችን ድረስ ስለላኩልን እግርዎን ልስም ይገባኝ ነበር። መኪናው ቆመ፤ ከፊት ወንበር መጀመሪያ የወረደው ካቦው ነው። «ቤቱን እንዲያሳየኝ ብዬ ነው» አለ አጣሪው። ልጄን ግቢ ውስጥ አቁሞ ጠየቃት፣ ካቦው አጥሩን ተደግፎ እየሰማ፣ ቁልፎቹን እያንሿሿ። ልጄ አፏን አልከፈተችም። አጣሪው ሌላ ወረቀት አወጣና «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተሻል? ከአንድ እስከ አምስት» አላት። ከዚያ «አመልካቿ ለመተባበር ፈቃደኛ አልሆነችም» ብሎ ጽፎ ሄደ። በዚያ ሰዓት መዶሻ ይዤ ነበር። ጉልበቴ ቶሎ ስለማያስነሣኝ ጉልበቴንም አመሰግናለሁ።

ቀጥሎ ሽማግሌዎች ተላኩብን፤ አብረውኝ ያደጉ ሦስት ሰዎች፣ አፍረው መሬት መሬት የሚያዩ። «እርቅ ይሻላል፣ ፕሮጀክቱ ስሙ እንዳይጠፋ» አሉኝ። እኔም የሚታረቀው የተጣላ ሰው ነው፣ ልጄ ከማንም አልተጣላችም ብዬ ሸኘኋቸው። አንዱ ከበሩ ተመልሶ በጆሮዬ «የእኔም ልጅ እዚያው ናት እኮ» አለኝና ሄደ። ይህን የጻፍኩት ማን እንደሆነ እንዲያጣሩ አይደለም። ማጣራትዎን አይተነዋል።

6ኛ. ስለ ሪፖርቱ። በየወሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «በወሩ የቀረበ የጥቃት ጥቆማ፦ ዜሮ» ተብሎ ሲለጠፍ አነባለሁ። አሥራ አንድ ወር፣ አሥራ አንድ ዜሮ። የልጄ ወር ዜሮ ከሁሉም ይበልጥ ክብ ናት፣ አጻጻፏ ያምራል። እንኳን ደስ ያለዎት።

እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀ፤ አሁን ስለ ሥራው ልንገርዎት።

ሣጥኑን ዓርብ ዳሴ አስገባሁት። ከጀርባው አራት ብሎን እንዳለው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የጤና ኬላዋን አዋላጅ ነርስ ጠርቼ በፊቷ በካቻቢቴ ፈታሁት። ባዶ ነው። የልጄ ወረቀት እንኳ የለም። ስለዚህ ዜሮዎ እውነት ነበር፤ ወረቀቷን የጣለውን ሰው ብቻ አልጻፉትም። ከዚያ መልሼ ገጠምኩት፣ ብሎኖቹን ጭንቅላታቸውን ሞርጄ ዳግም እንዳይፈቱ አደረግሁ፣ አዲስ ጓጉንቸር ሰቀልኩለት። ሁለቱንም ቁልፎች ነርሷ ይዛ ሄደች። እኔ የለኝም፤ አልፈልግምም።

በማግስቱ አንዲት ሴት በርጩማ ልታዝ መጣች። ከሰዓት ሁለት መጡ፣ እነሱም ለበርጩማ። እስከ ዛሬ ረቡዕ በጠቅላላው አሥራ አራት ሴቶች በርጩማ ሊያዙ መጥተዋል። አርባ ዓመት በአናጢነት ስሠራ እንዲህ ገበያ ደርቶልኝ አያውቅም። ስንት እግር ይሁን፣ ቁመቱስ ብዬ ስጠይቅ አንዳቸውም አያውቁም። ቀለሙ ያልደረቀውን ሣጥን አይተው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ከነጠላቸው ጫፍ የታጠፈ ወረቀት ፈትተው ይከታሉ። ጣታቸው ሰማያዊ ሆኖ ይወጣሉ። መጻፍ የማይችሉት ለልጄ ይነግሯታል፣ እሷ በዚያ በእኔ እርሳስ ትጽፍላቸዋለች። ያን ጊዜ እኔ እንዳልሰማ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ እቀመጣለሁ። ወፍጮው ሲጮህ ምንም አይሰማም። ተመልሼ ስመጣ ግን የልጄን ፊት አያለሁ።

ሣጥኑን ዛሬ የምሰቅለው በጤና ኬላው በር ላይ ነው፣ ሴቶቹ ራሳቸው በመረጡት ቦታ። አንዱ ቁልፍ በነርሷ፣ ሌላው እነሱ በመረጧት አንዲት እናት እጅ ነው። የሚወጣው ወረቀት በሁለት ቅጂ ተገልብጦ አንዱ ወደ እርስዎ፣ አንዱ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ ነርሷ ሕጉ እንዲህ ነው ብላኛለች። እርስዎም ሳያውቁት አይቀርም።

ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለልጄ አነበብኩላት። ሁለት መስመር አስደመሰሰችኝ፤ ስድብ ነበሩ፣ ቆንጆ ስድቦች ነበሩ፣ አሁንም ይቆጩኛል። አንድ መስመር ደግሞ በራሷ እጅ እንድትጨምር አስፈቀደችኝ። ይኸውና፦

«እቤት አልቀመጥም። ሰኞ ጠዋት ስም በሚጠራበት ቦታ እቆማለሁ። ስሜን የሚጠራው ሌላ ሰው ይሁን።»

እኔም አብሬያት እቆማለሁ። አሥራ አራቱ የበርጩማ ደንበኞቼም ይቆማሉ ብለውኛል። በርጩማ ስለሌላቸው ቆመው ነው የሚጠብቁዎት።

ማኅተምዎን ከፍ ከፍ ያድርገው፣ መስታወትዎን አንድ ቀን ዝቅ ያድርግልዎ እያልኩ፣ ትእዛዝዎን በቀኑ ያደረስኩ፣ ስሜን በራሴ እጅ የምጽፍ፣ ለመፈረም ግን ከእንግዲህ የማልቸኩል፣

ታዛዥዎ አናጢው

ተጨማሪ፦ ቀለም ስለተረፈኝ ሣጥኑ ተሰቅሎበት በነበረው የካቦው ግድግዳ ላይ ወደ ጤና ኬላው የሚያመለክት ትልቅ ቀስት ሥዬበታለሁ፤ እንግዶችዎ ሐሙስ ሣጥኑ የታለ ቢሉ እንዳያፍሩ። አሮጌውን ጓጉንቸር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ሁለቱን ቁልፎች ግን ከካቦው ወገብ ላይ እንዳያስወርዱበት አደራ። ከእንግዲህ የሚከፍቱት ነገር የለም፤ ሲመጣ ግን አሁንም ይሰማሉ።