ለልጄ በስሟ ስለ ላካችሁላት ቅጽ

ለክቡራን የገቢ ግብር ሰብሳቢዎች፣
ባላችሁበት፤

በዚህ የግብር ማሳወቂያ ወቅት ዓይናችሁ እንዳይደክም፣ ወገባችሁም እንዳይጎብጥ እየተመኘሁ ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነታችሁን እጠይቃለሁ። እኔ በሰሜን ሚኒሶታ ሐይቅ ዳር የምኖር አርለን ቶስትሩድ ነኝ። ለልጄ ለሶልቬይ የኮሌጅ ትምህርት ብዬ አሥራ ስምንት ዓመት ካጠራቀምኩት የትምህርት ቁጠባ ላይ አውጥቼ፣ ሐይቁ በረዶ ሲጋገርበት ላዩ ላይ የሚቆም፣ ምድጃና አልጋ ያለው የዓሣ ማጥመጃ ጎጆ ገዝቻለሁ። አቤቱታዎቼም እንደሚከተሉት ናቸው።

፩. መመሪያችሁ ከዚህ ቁጠባ ለትምህርት የሚወጣውን፣ መጽሐፉን፣ ኮምፒዩተሩን፣ የመኝታ ክፍሉንና ቀለቡን ሳይቀር ከግብር ነጻ ሲያደርግ ጎጆዬን መዝለሉ ቅር አሰኝቶኛል። እኔም እኮ እዚያ ውስጥ ብዙ ተምሬያለሁ፤ በተለይ አንድ ጎልማሳ የበረዶ ቀዳዳ ላይ አጎንብሶ ምን ያህል ሰዓት ከልጁ ስልክ መሸሽ እንደሚችል።

፪. ከቁጠባው የወጣውን ገንዘብ የሚገልጸውን ቅጽ ከእኔ ይልቅ ለልጄ በመላካችሁ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ጎረቤቴ ጎርዲ፣ “በልጅቷ ስም አስወጣው ባክህ፣ የተማሪ ኪስ ማን ይበረብራል!” አለኝና የቁጠባውን ቼክ በስሟ አስወጣሁት። እሷም “በመስከረም ትመልስልኛለህ አይደል?” ብላ ፈርማ ሰጠችኝ። አልመለስኩም። ማን እንደ በላው ሳይሆን በማን ስም እንደ ወጣ ብቻ የሚያየው ሥርዓታችሁ፣ የቁጠባውን ትርፍ ግብር ከነአሥር በመቶ ቅጣቱ እሷ ላይ ጫነው።

፫. ይህን በእናንተ ላይ ለማላከክ ብዙ ደክሜ አልሆነልኝም። ሶልቬይ ደውላ፣ “አባዬ፣ ቅጹ ለትምህርት ያልዋለውን ገንዘብ መዝግቢ ይላል፤ ምን ልጻፍ?” ስትለኝ፣ “ሁሉም ለትምህርት ውሏል በያቸው፣ ማን ሊያጣራ!” ያልኳት እኔው ነኝ። እሷ ግን “እኔ በስሜ አልዋሽም” ብላ ስልኩን ዘጋችው። እውነቱን ጻፈች፤ የተጠየቀችውንም በኮሌጁ ወጥ ቤት ሳህን አጥባ ባገኘችው ከፈለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፍሬ አንገቴን ደፍቻለሁ፤ ለእናንተ በአደባባይ የምጽፈውም ለእሷ ለብቻዋ መጻፍ ስለ ፈራሁ ነው።

ለማይዝለው ትጋታችሁና ጥፋተኛውን አልፎ ንጹሑን ለሚያገኘው ፖስታችሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

አክባሪያችሁ
አርለን ቶስትሩድ

ማስታወሻ፦ ዘንድሮም በራሴ ማሳወቂያ ላይ ሶልቬይን “በእኔ የምትተዳደር” ብዬ ሞልቻለሁ፤ ለዚህም ግብር ይቀነስልኛል፤ እናንተም አንዲት ጥያቄ ሳታነሡ ተቀብላችሁኛል። የአባቷን ቅጣት ሳህን አጥባ የከፈለችውን ልጅ፣ በመንግሥት መዝገብ የማስተዳድራት እኔ ነኝ።