የተቆረጠው የባለቤቴ ሞት እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የፊልም ምዘና ቦርድ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። የልብዎ ምት የተስተካከለ፣ እንቅልፍዎ ያልተቆራረጠ፣ መቀስዎም ከጣትዎ የራቀ እንዲሆን ከነቤተሰቤ እመኛለሁ።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ በልብስ ንጽሕና ቤት ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ካውያ ስትገፋ የኖረች፣ «ትርፍ ቁልፍ» በተሰኘው አስፈሪ ፊልም ውስጥም አራተኛዋ ሟች ናት። ማለቴ ነበረች። ቦርድዎ ሞቷን ቆርጦ ስለጣለው አሁን ሟች ትባል ቋሚ እኔም አላውቅም፤ እሷም ተቸግራለች።

ከቦርድዎ ውስጥ ፊልሙን ሙሉውን ያየ ሰው እንደሌለ ስለተረዳሁ፣ ሳይቆረጥ በፊት ለተዋናዮቹና ለትዳር ጓደኞቻቸው ሲታይ ያየሁት እኔ ታሪኩን ባጭሩ ልንገርዎት። አንድ ቁልፍ ሠሪ ለሰፈሩ ሰው ቁልፍ በቀረጸ ቁጥር ለራሱ አንድ ትርፍ ያስቀራል። አንድ ቀን ሴት ልጁ ሰው ሲያሳድዳት በየደጁ ብታንኳኳ የሚከፍትላት ታጣለች፤ ትሞታለችም። ከዚያ በኋላ አባትየው ያልተከፈቱትን በሮች አንድ በአንድ እየከፈተ ይገባል። ፊልሙ ሙዚቃ የለውም፤ ያለው የቁልፍ ቀጭታ ብቻ ነው። ይህችው ቀጭታ ከስንት ከበሮ በላይ አስደንግጣኝ፣ ዛሬም የራሴን በር ስከፍት ራሴን እፈራለሁ። ደግሞም ማንም ሰው ዝም ብሎ አይታረድም፤ መጀመሪያ ኑሮውን እናያለን፣ እንወደዋለን፣ ከዚያ እናጣዋለን። ገዳዩ ሲያለቅስ አብሬው አልቅሼ ወዲያው በራሴ አፍሬአለሁ።

እንከን የለውም ብዬ ግን አልዋሽዎትም። ገዳዩ የሚገባበት ቤት መብራት ሁልጊዜ ድርግም ይላል፤ የጎረቤቱ ግን ቦግ እንዳለ ነው። መርማሪው እስከ ስድስተኛው ሟች ድረስ «ድመት ይሆናል» ይላል። የሰፈሩ ሰዎች ቁልፋቸውን ያልቀየሩት የሚቀይርላቸው ገዳዩ ራሱ ስለሆነ ነው እንበል፤ መቀርቀሪያ የሚባል ነገርስ አልሰሙም? በመሐል ደግሞ ምንም ነገር ሳይሆን ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝናብ ይዘንባል። መቀስ የሚያስፈልገው ቦታ ቢኖር ይኸው ነበር፤ እርስዎ ግን አንዲት ጠብታ አልነኩም። ለዚህ የማመሰግንዎት ወደ ኋላ ነው።

አሁን በእርስዎ ፈቃድ ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፦ የተቆረጠውን ካየን በኋላ የፊልሙ አዘጋጅ ያሳየኝ፣ ከውሳኔ ደብዳቤዎ ጋር የተያያዘው ቃለ ጉባኤ እንደሚገልጸው፣ ሥራን ለማቀላጠፍ ሲባል አራቱ አባላት አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ደቂቃውን ፊልም ሃያ ስምንት ሃያ ስምንት ደቂቃ ተካፍለው አይተውታል። በዚህ ድንቅ አሠራር ሦስተኛው አባል ገዳዩን «ደንበኞቹን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚያገለግል ትጉ ባለሙያ» ብለው አመስግነውታል። የመጨረሻው ክፍል የደረሳቸው አባል ደግሞ «ይህ ምስኪን ሽማግሌ ለምን እንደታሰረ ግልጽ አይደለም» ሲሉ ለፍትሕ ያላቸውን ተቆርቋሪነት አስመዝግበዋል። በውነቱ አልቅሻለሁ፤ በሳቅ።

ሁለተኛ፦ ግድያዎቹ ሁሉ ሲወጡ ገዳዩ ከየግድያው በኋላ እጁን የሚታጠብባቸው ትዕይንቶች ግን «ንጽሕናን ያበረታታሉ» ተብለው ቀርተዋል። ስለዚህ አሁን ፊልሙ አንድ ሰው እየዞረ ሰው ቤት እጁን ታጥቦ የሚወጣበት የሰባ አንድ ደቂቃ ታሪክ ሆኗል። የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ቢገዛው ያዋጣዋል።

ሦስተኛ፦ የባለቤቴ ሞት። በዚህ ትዕይንት አንዲት ጠብታ ደም የለም። ነጭ ሸሚዝ ስትተኩስ ከኋላዋ ቁልፉ ቀጭ ይላል፤ እሷ ቀስ ብላ ከስክሪኑ ትወርዳለች፤ የምናየው ሸሚዙ ላይ የቀረውን ካውያና የሚወጣውን ጭስ ብቻ ነው። ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ባሏ ስለሆንኩ አይደለም፣ ባሏ ስለሆንኩም ነው። የተቆረጠበት ምክንያት ግን ቃል በቃል «ካውያን ሳይነቅሉ መሄድ ለተመልካች መጥፎ አርአያ ስለሆነ» ይላል። ክቡር ሆይ፣ ሴትዮዋ እኮ እየሞተች ነበር! ነቅላ እንድትሞት ነው?

አራተኛ፦ እህቴ። ባለቤቴ ለዚያች ትዕይንት ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ ወር ሙሉ ስትወድቅ ከርማለች፤ ከታች ያሉት ጎረቤታችን ሳይቀሩ ወጥተው «ዛሬስ ስንቴ ልትሞቺ ነው? እንድንዘጋጅ» ብለዋታል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእንፋሎት ጀርባ ማንም ልብ ሳይላት የኖረች ሴት፣ ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንድ ልትታይ ነበር። ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የሥራ ባልደረቦቿንና እህቴን ይዘን አዳራሽ ገባን። ባለቤቴ ብቅ አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ካውያውን ሰካች፣ ወዲያው ገዳዩ እጁን ሲታጠብ አየን። «ምን ሆና ነው?» አለ አንዱ። «ኤሌክትሪክ ይዟት ነው» አለ ሌላው። እህቴም አዳራሹ እስኪሰማ ድረስ «አንቺ፣ የታለሽ? ወር ሙሉ ያደረቅሽን ለካውያ ነው?» አለች።

ባለቤቴ ተነሣች። ወደ ቤት የምትሄድ መስሎኝ ቦርሳዋን ይዤ ልከተላት ስል፣ እሷ ወደ ፊት ሄዳ ከስክሪኑ ሥር ቆመች። ያን ጊዜ እርስዎ የማሩት ዝናብ መዝነብ ጀመረ፤ ቃል የገባሁት ምስጋና እዚህ ላይ ነው፣ ይድረስዎ። በዝናቡ ብርሃን፣ በዐሥራ አንድ ደቂቃ የነጻ ጊዜ ውስጥ፣ ባለቤቴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሞተች። በሰዓቴ ይዣለሁ፤ አራት ደቂቃ ፈጅቶባታል። ቆራጭ አጠገቧ ስላልነበረ ትንሽ ረዘመ።

እንግዲህ ፊልሙ ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ይታያል፤ ቦርድዎ ደግሞ አቤቱታን የሚመልሰው በዐሥራ አምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ከዐሥር ሰከንዷ ከቅዳሜ በፊት ወደ ቦታዋ እንድትመለስ በትሕትና እለምናለሁ። ካልሆነ ባለቤቴ በአካል ተገኝታ ትሞታለች። ወሬውን የሰሙት ሌሎቹ የተቆረጡ ሟቾችም ተራ እንዲያዝላቸው ጠይቀዋል፤ አንደኛው መስኮት ሰብሮ የሚወድቅ በመሆኑ የአዳራሹ ባለቤት ከወዲሁ እንቅልፍ አጥተዋል።

በመቀስዎ ጥላ ሥር በሰላም የምኖር፣ ዕድሜዎ ሳይቆረጥ እንዲረዝም የምመኝ፣

የአራተኛዋ ሟች ባል

ፊርማዬን ካኖርኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ሥርዓት እንዲያስከብር የላኩት ተቆጣጣሪዎ እሑድ ዕለት ባለቤቴን ገና ሳትወድቅ ሊያስወጣት በጨለማው ውስጥ ቀስ ብሎ ከኋላዋ ሲመጣ፣ በእጁ የያዘው የቢሮ ቁልፍ ቀጭ አለ። አዳራሹ ጮኸ። «ለካውያ ነው?» ያለቻት እህቴ ወንበር ላይ ቆማ «ሩጪ! ከኋላሽ ነው! ኧረ እህቴን!» እያለች ጫማዋን ወረወረችበት። ጭብጨባው ሲቀልጥ ተቆጣጣሪዎ ግራ ገብቶት እጅ ነሣ። ሰኞ ሱቄ ድረስ መጥቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ቅዳሜ ቁልፉን በግራ ይያዝ በቀኝ ጠይቆኛል። እባክዎ ፈቃድ ይስጡት፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ያየ እሱ ብቻ ነው።