የምክር ክፍሉ ካሜራ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ጠዋት ውኃ ጠፋ። የኬሚስትሪው መምህር ቀረ፣ ጥርሱን አሞት። የሰባተኛ ክፍሎቹ መስኮት ዛሬም አልተሠራም… እንደተለመደው።

ከሰዓት ግን ደብዳቤው መጣ! የመንግሥት ድጎማ፣ ለትምህርት ቤቶች ጥበቃና ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና። ጎረምሶች አጥር ዘለው ልጆቻችንን ከደበደቡ ወዲህ ስጮህ ነበር። ለካ የሰማኝ አለ። ሻምበል፣ የጥበቃ ኃላፊያችን፣ "እንግዲህ ዝንብ አታልፍም እትዬ!" አለ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ሰላምታው የወታደር ነው። አማካሪዋ ደግሞ ቀስ ብላ "ለእኛስ?" አለች። እኛ የምትለው ራሷንና ዕቃ ቤት የነበረች ክፍሏን ነው። ተማሪ ሲከፋው እሷ ጋ ገብቶ ያወራል። "ይደርስሻል" አልኳት።

ማታ ልጅቱ እራት አልበላችም። የእህቴ ልጅ። እናቷን ከቀበርን ወዲህ እኔ ጋ ናት፣ እኔው በምመራው ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፣ አሥረኛ ክፍል።

"አሞሻል?"

"አይ።"

"ማን ተናገረሽ?"

"ማንም።"

ሳህኑን ስትገፋው ቆይታ ተነሳች። ምን ይሻላል?

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ስብሰባ። ገንዘቡ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሥራ ላይ ካልዋለ ተመላሽ ይሆናል ተባለ። አጥር ፎቶ ይነሳል። ካሜራም ፎቶ ይነሳል። ምክር በምን ይነሳል? ስለዚህ አብዛኛው ወደ ጥበቃው ሄደ። ለአማካሪዋ አዲስ በር፣ ምንጣፍና ሁለት የሚመቹ ወንበሮች። አመሰገነች… ፊቷ ግን አላመሰገነም።

አንድ ነገር ጨመርኩላት። ባለፈው ወር አንድ አባት "ልጄን እብድ አስባልሽብኝ" ብሎ በሯን በርግዶ ገብቶ ሊመታት ነበር። ሻምበል ባይደርስ ኖሮ… "በርሽ ላይ ካሜራ ይደረግልሻል" አልኳት። "እሱስ ይቅርብኝ፣ ልጆቹ…" ስትል ስልክ ተደወለልኝ። ከዚያ ረሳሁት።

ጥቅምት 15፣ ዓርብ

ተተከለ! ስክሪኑ እኔ ቢሮ። ሻምበል ጥበቃ ቤት ይሁን ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩ። የቤቱ እመቤት እኔ አይደለሁ? አጥሩን፣ ደረጃውን፣ መተላለፊያውን ሁሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ። አንዱ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ሲጋራ ሊለኩስ ሲል በድምፅ ማጉያ ስሙን ጠራሁት። በድንጋጤ ሊሞት! ሲጋራውን ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ክብሪቱን፣ ከዚያ ወደ ሰማይ አየ። ሳቄ አላቆም አለኝ። "እትዬ ጀርባቸውም ላይ ዓይን አላቸው" ይሉ ነበር ድሮም። ይኸው።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

የሒሳብ መምህሯ "ልጅሽ ክፍል ውስጥ ትተኛለች" አለችኝ። ማታ የማትተኛ በምን ትንቃ? ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ከሳምንት ወዲህ ብሷል። "የምትፈልጊው ነገር ካለ ንገሪኝ" አልኳት። "እሺ" አለች። የእሷ እሺ አትጠጊኝ ማለት ነው። የእናቷም እሺ እንዲሁ ነበር።

እህቴ ትዝ አለችኝ… ተውኩት። ሥራ አለብኝ።

ጥቅምት 29፣ ዓርብ

አማካሪዋ ቢሮዬ መጣች። በሩን ዘጋችው።

"የሚመጣ ተማሪ የለም" አለች።

"ችግር ቀለለ ማለት ነዋ!"

አፍጥጣ አየችኝ። "ክፍሌን ጠብቀውልኝ ተማሪዎቼን አባረሩብኝ እትዬ። በሬን ያንኳኳ ሁሉ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ እንደሚታይ ያውቃል።"

ደሜ ፈላ። "ሊደበድብሽ የመጣውን ሰውዬ ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። እሱ የመጣው አንድ ቀን ነው።"

የድጎማው ገምጋሚዎች መጥተው ባዶ ክፍል ካገኙ የእሷ የሥራ መደብ ይታጠፋል። ይህን አላነሳችም፤ ሁለታችንም እናውቃለን። "እስቲ ጊዜ ስጪው" ብዬ ሸኘኋት። ጊዜ ለምን? ካሜራ በጊዜ ብዛት ዓይኑ ይጠፋል?

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ



ልጅቱ ጠፋች። ከምሳ በኋላ ክፍል አልገባችም። ከሻምበል ጋር የተቀረጸውን ወደ ኋላ እየመለስን አየን። በዋናው በር ነው የወጣችው፣ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቀስ ብላ። ዘበኛው እንኳ እጁን አወዛወዘላት። "የእትዬን ልጅ ማን ይጠይቃል?" አለኝ። እሱን ምን ልበለው?

ከመውጣቷ በፊት ደግሞ… የምክር ክፍሉ መተላለፊያ ላይ ናት። በሩ ድረስ መጣች። ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ከዚያ ቀና ብላ ካሜራውን አየች። እኔን ማለት ነው። እጇን አወረደችና ዞራ ሄደች።

ያን ሰዓት ቢሮዬ ነበርኩ። ስክሪኑ ፊት። ስለ አጥሩ ቀለም በስልክ እየተጨቃጨቅሁ።

የት አባቴ ልግባ? ድልድዩ ድረስ ሮጥኩ… ለምን ድልድዩ ጋ እንደሮጥኩ መጻፍ አልፈልግም። የጓደኞቿ ቤት የለችም። ሆስፒታልም የለችም። በመጨረሻ ያገኘኋት እናቷ ትሠራበት የነበረው ልብስ ስፌት ቤት ነው። ስፌት መኪናው ፊት፣ እናቷ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ። የስፌት ቤቱ ባለቤት "ትንሽ ልቀመጥ አለችኝ፣ ምን ብዬ ልከልክላት?" አለች። ልቆጣ ነበር የገባሁት። ግን አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ሁለታችንም ቀረን። እኔ ስቀር!

ከሰዓት አወራች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ። ከመስከረም ጀምሮ አማካሪዋ ጋ ትሄድ ነበር። ካሜራው እስኪተከል ድረስ። ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሳያውቅ አይቀርም፣ እኔ ብቻ… ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

"ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንቺ ታስተካክይዋለሽ አክስቴ።"

"መስተካከሉ ምን ክፋት አለው?"

"እማዬ አትስተካከልማ።"

ብርድ ልብሱን ሳበችና "አንዳንዴ ባልነቃ እላለሁ" አለች። ልክ ሻይ በረደ እንደሚባለው አለችው። እጇን ያዝኩ። አልነጠቀችኝም። አማካሪዋ ጋ ስደውል "መጣሁ፣ ብቻዋን አይተዋት" ብቻ አለች፤ መጣችም። መኝታ ቤት ገቡ። ሳሎን ሆኜ ጠበቅኋቸው፤ ግን ቤታችን ግድግዳው ስስ ነው፣ ድምፃቸው ይሰማል። ጆሮዬ ቆመ። ተነስቼ ደጅ ወጣሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ካሜራው ይነሳ አልኩ። የተከለው ሰውዬ "ዕቅዱ ላይ አለ፣ ያለ ፈቃድ አልነካም" አለ። የበላይ ኃላፊውም በስልክ ያንኑ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። "ሻምበል፣ መሰላል አምጣ!"

"በዚህ ጉልበትዎ እትዬ?"

"ጉልበቴን ተወውና መሰላሉን ያዝ።"

ወጣሁ፣ ነቀልኩት። ግማሹ ትምህርት ቤት ቆሞ ያያል። አንዱ አጨበጨበ፤ ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። አማካሪዋም ያለ ጠባቂ እንዳትቀር፣ ሻምበል መተላለፊያው መግቢያ ላይ ወንበር ይዞ ይውላል፣ ፊቱ ወደ ውጭ፣ ጀርባው ወደ በሩ። "ማን ገባ ብለው ቢጠይቁህስ?" አልኩት። "የእኔ ጀርባ ዓይን የለውም" አለ፣ እየሳቀብኝ። ይሳቅ። ስክሪኑንም ጥበቃ ቤት ላክሁት።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ገምጋሚዎቹ መጡ። አጥሩን ወደዱት፣ ፎቶም አነሱት። ምክር ክፍሉ ጋ ስንደርስ ኃላፊያቸው ቆመ።

"እዚህ ካሜራ ነበር።"

"እኔ ነቀልኩት።"

"በማን ፈቃድ?"

"በማንም።"

አብራው የመጣችው ገምጋሚ ደግሞ የተገለገሉት ተማሪዎች እነማን እንደሆኑ ጠየቀች። አማካሪዋ "ብዛታቸውን እነግራችኋለሁ፣ ስማቸውን አልሰጥም" አለች። ዞራ እኔን አየች። "እኔም አላውቃቸውም፣ ማወቅም አልፈልግም" አልኩ። ኃላፊው "ዳይሬክተር ሆነው?" አለ። አዎ፣ ዳይሬክተር ሆኜ!

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ይምጣ። የአማካሪዋ መደብ ግን ይቀጥላል። ልጆች ተመልሰዋላ! በሩ አጠገብ ወረፋ የሚጠብቁ ሲያዩ ሰዎቹ ራሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ማስጠንቀቂያው ደረሰኝ። አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ልጅቱ ዘግይታ መጣች፣ ዓይኗ ቀልቶ። "ምን አለችሽ?" ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፣ ዋጥኩት። እራት አቀረብኩ። በላች። ጨምሪልኝም አለች።

"ዛሬ ስለ ቀብሩ ነው ያወራሁት" አለች ራሷ።

ሳህኗን ሞላሁላት።

"አንቺ ያን ቀን አላለቀስሽም። ወንበር ስትደረድሪ ነበር።"

"ሰው ቆሞ ይዋል እንዴ?"

"አይ፣ ልክ ነሽ። ግን አክስቴ… እህትሽ እኮ ናት።"

እኔ ደህና ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው። እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለኝም አላውቅ። ሹካው ከእጄ ወደቀ። እሷ ተነስታ ከኋላዬ አቀፈችኝ፣ ጉንጯን ራሴ ላይ አስደግፋ እሷም አለቀሰች። እህቴን ከቀበርን ወዲህ አብረን ስናለቅስ ይህ የመጀመሪያችን ነው።