መኪናህ ደህና ናት

ኅዳር 12 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለባለቤቴ፣ ለአስፋልቱ ጌታ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ሙቀቱ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ከግራ እጄ በቀር ሁለመናዬ ደህና ነው። ግራ እጄም ቢሆን ሥራ አልፈታም፤ ጄሶው ከባድ ስለሆነ ወረቀቱን ተጭኖ ይዞልኛል፣ በቀኜ እጽፋለሁ።

ደብዳቤ የጻፍኩልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። በስልክ አንተ ተናግረህ ትጨርስና የእኔ ተራ ሲደርስ ወይ ኔትወርኩ ይሄዳል ወይ አንተ ትሄዳለህ። ባለፈው እሑድ "ወይ ሳንቃሽን ወይ እኔን፣ አንዱን ምረጪ" ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። ማታውኑ ደግሞ በወንድምህ በኩል፣ ያንን ነገር ካልተወች ስመጣ ኤርፖርት እንዳላያት የሚል መልእክት ላክህ። እሺ። ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም። የሚያደርስልህ የመንገድ ሥራ ካምፓችሁ መካኒክ ነው፤ ፈቃዱን ጨርሶ ቅዳሜ ይመለሳል። ከእጁ ተቀበልና ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

መጀመሪያ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ልመልስልህ። መኪናህ ደህና ናት። ልብሷን እንደለበሰች ግቢ ውስጥ ቆማለች። ጎማዎቿ አልተነፈሱም፣ ድመት አልወለደችባትም፣ ዝናብ አላገኛትም። እንዳዘዝከኝ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ልብሷን ገፍፌ፣ ሞተሯን አስነስቼ፣ ሩብ ሰዓት አሙቄ መልሼ አለብሳታለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስትደውል የአፍህ መክፈቻ "አስነሳሻት?" ነው። "በላሽ? ተኛሽ?" የሚለው፣ ካስታወስከው፣ ሒሳቡ ሊያልቅ ሲል ነው የሚመጣው።

ስትሄድ ያልከኝን ታስታውሳለህ? ቁልፉን አስጨብጠኸኝ "ማስነሳት እንጂ መንዳት የለም፤ ትጭሪያታለሽ" አልከኝ። መንጃ ፈቃድ አለኝ እኮ። በመጀመሪያው ፈተና ነው ያለፍኩት። አንተ በስንተኛው እንዳለፍክ እዚህ አላነሳውም፤ መካኒኩ ከፍቶ ቢያነበው ነውር ነው። ያን ቀን እሺ ብዬ ተቀበልኩ። ባሌ ነው፣ መኪናዋም የላቡ ናት አልኩ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት የለበሰችውን መኪና በጎን እያለፍኩ የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም ጀመርኩ።

ሰልፉ ከዳቦ ቤቱ ጥግ ተነስቶ የመድኃኒት ቤቱን ደረጃ ያልፋል። ታክሲው ሲመጣ ደግሞ ሰልፍ የሚባል ነገር የለም፣ በክርን ነው። ቦርሳዬ በር ላይ ተይዞ እሱ ውጭ እኔ ውስጥ ሆነን ሥራ ደርሰን እናውቃለን። የምሠራበት የሆስፒታሉ ራጅ ክፍል ደጃፍ ላይ እጅ እግሩ የተሰበረ ሰው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ እያቃሰተ ይጠብቀኛል፤ አለቃዬ ሰዓቱን ያያል። ስንት ጊዜ በሰው ፊት ተቆጥቶኝ አንገቴን ደፍቼ ገብቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ መኪናህ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን የግቢ ግንብ እያየሁ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተ ናፍቀኸኝ ብቻ አይደለም። መሪ ጨብጫለሁ፣ ሞተር አስነስቻለሁ፣ የትም አልሄድም። ኑሮዬ ይኸው ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ሞተሩን አጠፋሁ፣ ፊቴን ታጠብኩና ለማደንዘዣ ሐኪማችን ደወልኩ።

ታውቃቸዋለህ፤ ፀጉራቸው የሸበተው፣ ሲስቁ ታይተው የማያውቁት ሰውዬ። ቤታቸው ከእኛ ትንሽ ከፍ ይላል። ሥራ የሚመጡት በስኬትቦርድ ነው። አዎ፣ ልጆች የሚጫወቱበት ባለ አራት ጎማ ሳንቃ። መጀመሪያ ሳያቸው እኔም እንደ ሰው ሁሉ ስቄባቸዋለሁ። "ዶክተር፣ ማደንዘዣውን ለራስዎ ወስደውት ነው እንዴ?" ብያቸው ነበር። ፊታቸው ንቅንቅ ሳይል "እኔ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራዬ ላይ ነኝ፤ አንቺስ?" አሉኝ። ያን ቅዳሜ ግን ደውዬ "ያስተምሩኝ" አልኳቸው።

አሮጌ ሳንቃቸውን ኩሽኔታዋን አጥበው፣ ዘይት አጠጥተው ሰጡኝ። ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው መኪና ማቆሚያ ላይ ተማርኩ። ግራ እግር ሳንቃው ላይ፣ በቀኝ መሬቱን መግፋት፣ ጉልበት ላላ ማድረግ፣ ለማቆም ደግሞ የቀኝ እግርን መሬት ላይ ማስጎተት። "እግርሽን አትዪ፣ መንገዱን እዪ" ይሉኛል። በመቀመጫዬ ስንት ጊዜ እንደወረድኩ ለባልም አይነገርም። ብቻ አንድ ጠዋት የሰፈራችንን ቁልቁለት ሳልወድቅ ጨረስኩት። ታክሲው እኔ ከሆስፒታሉ በር ስደርስ ገና መብራቱ ላይ ቆሞ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ብቻዬን እንዳይመስልህ። የባንኩ ገንዘብ ከፋይ ከረባቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ ይወርዳል። ልብስ ሰፊዋ አለች፣ የልጅ ልጅ ያየች ሴት፣ ቀሚሷን ሱሪዋ ውስጥ ጠቅጥቃ። ሁላችንም የራስ ቆባችንን አጥልቀን፣ የመንገዱን ጠርዝ ይዘን፣ እንደ ዳክዬ ጫጩት ተከታትለን ነው የምንሄደው። ማታ ስመለስ ግን ሳንቃዋን ብብቴ ሥር ሸጉጬ በእግሬ ነው የምወጣው። ዳገት ዳገት ነው፣ አልዋሽህም።

አንድ ነገር ልንገርህ። ጥሩ አስፋልት በጎማ ድምፅ ይታወቃል ያልከኝ አንተ ነህ፤ ያኔ እሺ ብዬ አለፍኩት እንጂ አልገባኝም ነበር። አሁን በእግሬ ሥር ሰማሁት። ከዳቦ ቤቱ ፊት ያለው ያንሾካሹካል። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለው ግን እስከ ጥርሴ ድረስ ይንጫጫል፤ ማን እንዳነጠፈው አላውቅም፣ አንተ ብታየው ገርስሰህ ታስነሳው ነበር። ቁልቁል ስወርድ፣ ይህን የሚያህል መንገድ በዚያ ሙቀት አስተካክሎ ማንጠፍ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ አስባለሁ። እኮራብሃለሁ። ይህን ልነግርህ ስንት ጊዜ ስልኩን አንስቼ መኪናዋ ቀደመችኝ።

ሰው ምን ይላል ትለኛለህ። ሰው ያላለው አለ? ሰፈሩ ባለጋሪዋ ይለኛል። አንዱ የታክሲ ረዳት "እማማ፣ ዕድሜሽን የት ጣልሽው?" ብሎ ጮኸብኝ። "ዳገቱ ላይ ነው፤ ካገኘኸው ላንተ ይሁን" ብዬው አለፍኩ። ተሳፋሪው ሁሉ በእሱ ሳቀበት። እናትህም መጀመሪያ አልወደዱልኝም። የሰው ሚስት በጋሪ ብለው አኮረፉኝ፣ ምግብ አቅርቤ በልቻለሁ አሉኝ። አንድ የዕረፍት ቀን ከገበያ ስመለስ ግን ግቢው በር ላይ የተውኩት የጋዝ ሲሊንደር ወጥ ቤት ገብቷል። ማን አስገባው ብላቸው "እኔ ምን አውቄ" አሉ። ሳንቃዬን ባያት የሲሊንደሩ ክብ ምልክት መሐሏ ላይ ታትሟል። አሁን የዱቄት ጆንያውንም፣ የውሃ ጀሪካኑንም በእሷ ነው የሚገፉት። አፋቸው ግን እስከ ዛሬ ይረግማታል።

ወደ እጄ ልምጣ። ከጋሪ ወድቄ መሰባበሬን እኔ የሰማሁት ከአንተ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ። የሆነው ይኸውልህ። ጠርዜን ይዤ ዝግ ብዬ እየወረድኩ ሳለ፣ ቆሞ የነበረ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰውዬ ኋላውን ሳያይ በሩን በረገደው። በሩን መታሁት፣ ወደቅኩ፣ አንጓዬ ተሰነጠቀ። ሰውዬው መጀመሪያ ያየው በሩ መጫር አለመጫሩን ነው። ሳንቃዬን አንስቼ በእግሬ ሆስፒታል ገባሁ፤ ረዳቴ ራጅ አነሳችኝ፣ ፊልሙን ራሴ አነበብኩት። እኔ በየቀኑ የማየው አጥንት ከአልጋ የወደቀ ነው፣ መታጠቢያ ቤት ያንሸራተተው ነው፣ አምፖል ሲቀይር ወንበር የከዳው ነው። አምፖል መቀየር ይቅር የሚል ባል ግን እስካሁን ራጅ ክፍላችን አልመጣም።

በማግስቱ ወንድምህ መጣ። ጣሪያው ሲያፈስ ስንደውልለት ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ የሚሆነው ሰው፣ ሳንቃዬን ሊወስድ ግን ከተፍ አለ። ወንድሜ አዞኛል ብሎ ከበሩ ኋላ አነሳት። አንድ እጄ ጄሶ ውስጥ ነው፣ አልታገለው። እናትህ ከወጥ ቤት ወጡ፣ ከእጁ ተቀበሉት፣ ግድግዳው ሥር አስቀመጧትና ቁጭ አሉባት።

"የእኔን ጋዝ ማን ሊያስገባልኝ ነው? አንተ?" አሉት።

እሱም ወንድሜ አዞኝ ነው እንጂ እያለ ተንተባተበ። እሳቸው እቴ! አንተም በልጅነትህ የኩሽኔታ ጋሪ ሠርተህ ቁልቁል እየወረድክ የፊት ጥርስህን እንዳጎደልክ፣ ያኔም ማንም ጋሪህን እንዳልቀማህ ነገሩት። የፊት ጥርስህን ታሪክ ለእኔ ግን በእግር ኳስ ነው ያልከኝ! ወንድምህ ባዶ እጁን ሄደ። እናትህ ከተነሱ በኋላ እንኳ አላመሰገንኳቸውም፤ ካመሰገንኳቸው መልሰው ያኮርፉኛል።

እንግዲህ ወደ ምርጫው። ሚስትህ ነኝ፣ ፍቅሬም አልጎደለም፤ ባይሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በአንድ እጄ አልጽፍልህም ነበር። ሳንቃዬን ግን አልተውም። ደፍሬህ አይደለም ብዬ ላለሳልስልህ አስቤ ነበር። አይ፣ ደፍሬሃለሁ። ሁለት ዓመት ሳልደፍርህ ኖሬ ምን ተጠቀምን? መኪናዋን አትንጂ አልክ፣ እሺ አልኩ። ቀሚሱን ልበሺ፣ ቤት ዋይ፣ ወንድሜን አማክሪ አልክ፣ እሺ አልኩ። እሺ እያልኩ እያልኩ ድምፄ ጠፍቶብህ ኖሯል። አሁን እምቢ ስል ሰማኸኝ። ከሄድክ ወዲህ ስለ እኔ፣ ስለ እኔ ብቻ፣ የደወልከው ስትቆጣኝ ነው። እሱም ደስ አለኝ ብልህ ታምናለህ? ቁጣህ ውስጥ መኪናዋ አልነበረችም።

አንዱን ምረጪ አልከኝ። እኔ የምመርጠው የለኝም፤ ሳንቃ ባል አይሆንም፣ ባልም ሥራ አያደርሰኝም። መራጩ አንተ ነህ። ብቻ የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል።

ጄሶው ከመምጣትህ በፊት ይወጣል። አጥንቱ መግጠሙን በዓይኔ ፊልሙ ላይ ካላየሁ እግሬን አላነሳባትም፣ ሞኝ አይደለሁም። የመኪናህን ቁልፍ ትናንት ለወንድምህ ሰጥቼዋለሁ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ማሞቁ የእሱ ነው፣ ኤርፖርትም እሱ አጥቦ ይዞልህ ይመጣል። ኤርፖርት እንዳላያት ብለሃል፤ ታየኛለህ። በሱሪዬ፣ በቆቤ፣ ሳንቃዬን ይዤ እመጣለሁ። መውጫው ላይ መኪናህ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ቆመን እንጠብቅሃለን። አልጠራህም፣ እጄንም አላውለበልብም። ካፈርክብኝ ከወንድምህ ጋር ሂድ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ እመለሳለሁ።

የምትደርስበትን ሰዓት ግን ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ንገረኝ። ቀድሜ መድረስ እፈልጋለሁ።

እናትህ ከሙቀቱም ከማሽኑም ይጠብቅህ፣ እግርህ ያረፈበት ሁሉ ይለስልስልህ ብለው መርቀውሃል። እኔም አሜን ብያለሁ። ውሃ ጠጣ። ፀሐይ ላይ ቆመህ አትዋል። በሰላም ያምጣህና ከበሩ ስትወጣ ዓይንህ መጀመሪያ የት እንደሚያርፍ እኔ ቆሜ አያለሁ።

ሚስትህ