የተከፈተው መስኮት

ለእህቴ ለታቢታ፣

ጂንካ እንዴት ይዛሻለች? እኛ በጌታ ቸርነት አለን።

እማዬን ጉንፋን ከያዛት ዘጠኝ ቀን ሆነ። ክሊኒክ ወስጃታለሁ፤ መድኃኒቷንም በሰዓቱ እሰጣታለሁ። ሊጠይቃት የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ግን «ብርድ መቷቸው ነው» እያለ መስኮት ይዘጋል። ቫይረሱ ከሰው ትንፋሽ ወጥቶ በአፍንጫ እንደሚገባ፣ የመተንፈሻ ቧንቧ ሕዋሳትን ወርሮ እዚያው እንደሚባዛ፣ የታፈነ ቤትም እንደሚመቸው ባስረዳ የሚሰማኝ የለም። እኔ ስከፍት እማዬ «ይህን ሁሉ ዓመት የተማርከው በብርድ ልትገድለኝ ነው? ዝጋው!» ትለኛለች።

ዛሬ ጠዋት ወለል አድርጌ ከፈትኩት። የሐይቁ ነፋስ መጋረጃውን ገለበጠው። እማዬ እያየችኝ ምንም አላለችኝም። እንድትቆጣኝ ቆሜ ጠበቅኋት፤ በመጨረሻ ራሴ ዘጋሁት።

የዓመት ፈቃድሽን ለገና ከምታቆዪው በዚህ ሳምንት ውሰጂው። መንገድሽን ጌታ ያቅናልሽ።

ወንድምሽ ሕዝቅያስ
ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ