የኅዳር ሚካኤል እንግዳ

ይድረስ ለወንድሜ ለደጀን፣ ባሕር ዳር።

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ናፍቆትህ ከብዶናል እንጂ መድኃኔዓለም ይመስገን አለን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ስንዴውን ግን ዋግ መታው።

በኅዳር ሚካኤል ማምሻውን አንድ ሰው ደጃችን ቆመው «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» አሉ። አባባ «ቤት ለእንግዳ» ብለው አስገቧቸው፤ እኔም እግራቸውን አጥቤ መኝታዬን ለቀቅሁላቸው። ይኸው ዐቢይ ጾም ገባ፤ እሳቸውም እዚሁ ደህና ናቸው።

ውሻችን አንበሶ ሲጮህባቸው ይረበሹ ነበር፤ አሁን አይጮህም። ሰንሰለቱን አስቀምጬልሃለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ብዙነሽም አንድ ቀን እንግዳው ከበር ከመለሷቸው ወዲህ ብቅ አላሉም። አባባ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ከአልጋ አልተነሱም። የሚያጎርሷቸው እንግዳው ናቸው፤ «አንቺ ዕረፊ» እያሉ እኔን አባባ ወደተኙበት ጓዳ አያስገቡኝም።

ይህ ሁለተኛው ወረቀት ነው። የመጀመሪያውን እንግዳው አነበቡትና «ወንድምሽን ታስጨንቂዋለሽ» ብለው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ይህን ግን አጠገቤ ተቀምጠው እያዩልኝ ነው።

ነገ ከደብረ ታቦር በሚኒባስ ተነሥተው ራሳቸው ያደርሱልሃል። የቤትህን አቅጣጫ ደጋግመው ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። ሲመጡ እንደ ወጋችን እግራቸውን እጠብ፤ መኝታህንም ልቀቅላቸው። መቼ ይሄዳሉ ብለህ ብቻ እንዳትጠይቃቸው።

አባባ የጠየቋቸው የጥምቀት ዕለት ነበር።

እንግዲህ ደህና ሁንልኝ፤ መገናኘቱን ለፈጣሪ ትቼዋለሁ።

እህትህ ያለምወርቅ፣ ከጋፋት